በካሴቱ ውስጥ የነበረችው ሌላዋ

ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ የሰሙት ተማሪዎቼ ብቻ ናቸው። እነሱም የሰሙት አሳጥሬው ነው። ለእናንተ ግን ሳላሳጥር ልናገረው፤ ታገሡኝ።

ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ተመድቤ ስሄድ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ታቦር ነው። የተማርኩት ሥነ ጽሑፍ ቢሆንም ማስተርሴን ስሠራ የወሰድኩት አንድ ሥልጠና ወደ ሌላ መንገድ ወሰደኝ። የድሮ ድምፆችን፣ ጽሑፎችንና ፎቶግራፎችን በኮምፒውተር እንዴት መሰብሰብ፣ ማደራጀትና ማጥናት እንደሚቻል የሚያሳይ ሥልጠና ነበር። ዲጂታል ሂዩማኒቲስ ይሉታል። ጅግጅጋ ስደርስ በትምህርት ክፍላችን ስለዚህ ነገር የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ ኮርሱን ራሴ ቀርጬ እንዳስተምር ተፈቀደልኝ። የተመዘገቡት ተማሪዎች ሁሉም በአንድ ሚኒባስ ቢጫኑ ወንበር ይተርፍ ነበር።

ብቸኝነቴን ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። በተከራየሁበት ግቢ የሚኖሩት ሰዎች ደጎች ነበሩ። ጠዋት ስወጣ ሰላም ይሉኛል፣ በረመዳን ሳምቡሳ በሳህን ይልኩልኛል። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ግን የምንጫወትበት ቋንቋ አልነበረንም። ከሌላ ክልል የመጡት መምህራን አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ጫት ላይ ይሰበሰባሉ፤ እኔ አልቅምም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ከተመለስኩ እስከ ሰኞ ጠዋት አንድም ቃል ሳልናገር የምቆይበት ጊዜ ነበር። ሰኞ ክፍል ገብቼ «እንደምን አደራችሁ» ስል ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስለኛል። ወደ ባሕር ዳር ለመዛወር ማመልከቻ ያስገባሁት በመጀመሪያው ዓመት ነው።

ለኮርሱ የሚሆን ድምፅ ስፈልግ ከገበያው ጀርባ ሱቅ ያላቸውን ሙሐመድን አገኘኋቸው። ቀድሞ ካሴት ቤት ነበራቸው፤ እኔ ስደርስ የሚሸጡት የሞባይል ካርድና ባትሪ ነበር። የምፈልገውን ስነግራቸው ከጓዳ አንድ ማዳበሪያ ጎትተው አወጡ።

«ዘፈን አለ፣ ግጥም አለ፣ ሌላም አለ» አሉኝ። «እወስዳለሁ ብሎ የመጣ ሰው የለም። አንቺ ከምትወስጂው አይጥ ቢበላው ይሻላል አልልም።»

ከተማሪዎቼ ጋር ካሴቶቹን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ጀመርን። አብዛኞቹ ሙዚቃ ናቸው። አንዱ ግን ምንም ያልተጻፈበት ካሴት ነበር፤ ውስጡ የአንዲት ሴት ድምፅ ብቻ አለ። ሶማሊኛ ስለሆነ አልገባኝም። ትናገራለች፣ ትተነፍሳለች፣ ዝም ትላለች፣ ደግሞ ትቀጥላለች። ከኋላዋ ነፋስ ላስቲክ ሲያራግብ ይሰማል፤ የፍየል ይሁን የሕፃን ያልለየሁት ድምፅም አለ። አነጋገሯ ምት ያለው ስለመሰለኝ ግጥም ነው ብዬ ደመደምኩ። ደግሞ የሐዘን ግጥም! የሙሾ ዓይነት። ለአንድ ጉባኤ ጥናት አቀርብበታለሁ ብዬም አሰብኩ።

ከዚያ በሥልጠናው የተማርኩትን አደረግኩ፤ ድምፁን አጸዳሁት። ነፋሱን አወጣሁ። ሴትዮዋ የማትናገርባቸውን ቦታዎች ሁሉ እየመረጥኩ በፀጥታ ተካሁ። የጸዳውን ኮፒ ላፕቶፔ ላይ ጫንኩት፤ ያልተነካው ቅጂ ላቦራቶሪው ኮምፒውተር ላይ ቀረ። ካሴቱ ከእርጅና ብዛት እየተጣበቀ ቴፑ ውስጥ ይንጫጫ ስለነበር ደግሜ ላለማጫወት መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

አመሻሽ ላይ ከሥራ ስገባ ያንን ድምፅ እከፍታለሁ። ሽንኩርት ስከትፍ ትናገራለች፤ ልብስ ሳጥብ ትናገራለች። አንድ ቃል ሳይገባኝ ቤቴ ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ወቅት ከማንም በላይ የማውቀው ሰው ድምፅ የእሷ ነበር።

ሶማሊኛ የሚያስተምር አብዲ የሚባል ባልደረባ ነበረኝ። አንድ አርብ ቢሮዬ ጠርቼ የግጥሙን ትርጉም እንዲነግረኝ ለመንኩት። የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ትንሽ ሰማና ፈገግ አለ።

«ሰናይት፣ ይህ ግጥም አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ደብዳቤ ነው። ያኔ መጻፍ የማይችል ሰው፣ ቢችልም ድምፁ እንዲሰማለት የሚፈልግ ሰው፣ ካሴት ላይ ተናግሮ በመኪና ይልክ ነበር።» እያዳመጠ ቀጠለ። «ፋዱሞ ነኝ ትላለች። ለወንድሟ ለዓሊ ነው የምትናገረው፤ ጅቡቲ ነው ያለው። ከሶማሊያው ጦርነት ሸሽተው እዚህ ቅርብ ሐርተሼክ የስደተኞች ካምፕ ገብተዋል። እናታቸው…» አለና ፈገግታው ጠፋ። «እናታቸው መንገድ ላይ ሞታለች። የት እንደቀበሯት እየነገረችው ነው።»

ከዚያ በላይ አልሰማም። ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። እኔ ሽንኩርት ስከትፍበት የኖርኩት የእናት መቃብር እንደሆነ ያወቅኩት በዚህ መንገድ ነው።

«ሴትዮዋ በሕይወት ብትኖርስ?» አልኩት።

«ሐርተሼክ ሰው አይጠፋፋም። ነገ ቅዳሜ ነው። ከፈለግሽ እንሂድ።»

ሐርተሼክ ሜዳ ላይ የተዘረጋች፣ ነፋስ የማያጣት ከተማ ናት። ካምፑ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ድንኳኖቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ፍየሎች ይግጣሉ። አብዲ ሻይ ቤት ውስጥ ከሽማግሌዎች ጋር ብዙ አወራ። የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ጎሣ፣ የመጡበት አገር እየተጠየቀ አንዱ ሽማግሌ በመጨረሻ በበትሩ ወደ ገበያው አመለከቱ።

ፋዱሞን ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ አገኘናት። ረጅም፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ዕድሜዋ ስድሳን የተጠጋ ሴት ናት። ሱቁ የራሷ ነው። አብዲ «ኤዶ» ብሎ ጀመረ፤ አክስቴ እንደማለት ነው። የመጣንበትን ሲያስረዳት እኔን እያየች ታዳምጥ ነበር። ከዚያ በአማርኛ ቆረጠችው።

«ለእሷ አታስተርጉም። እኔ ድሬዳዋ ብዙ ዘመን ነግጃለሁ፤ አማርኛ እችላለሁ። አንቺ፣ ካሴቱ የት ነው የተገኘው?»

«ጅግጅጋ ነው። የድሮ ካሴት ቤት ውስጥ።»

«ጅግጅጋ?»

«አዎ። ባለቤቱ ዝም ብለው አስቀምጠውት ነበር።»

የያዘችውን ጨርቅ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ቁጭ አለች። «ለሾፌር ነው የሰጠሁት» አለች። «ሾፌሩ ካሴት ቤት ያደርሳል፣ ከዚያ ጅቡቲ የሚሄድ ሰው ይወስደዋል። እንዲህ ነበር። ዓሊ መልስ አልላከልኝም። በእናታችን ነገር ተቀይሞኛል፣ ጥለሻት መጣሽ ብሎኛል ብዬ እኔም ሁለተኛ አልላክሁም። እሱም ሞተ አሉኝ።» አብዲን ቀና ብላ አየችው። «አልደረሰውም ማለት ነው?»

አብዲ ራሱን ነቀነቀ። «አልደረሰውም፣ ኤዶ።»

«አልተቀየመኝም» አለች፤ ለእኛ አልነበረም።

የሱቁን በር ገርበብ አደረገችና ላፕቶፑን እንድከፍት በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። ድምፅዋ ወጣ፤ የወጣትነት ድምፅዋ። አንገቷን ሰበር አድርጋ አዳመጠች። እናቷ የተቀበረችበትን ስትሰማ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ጸሎት ይመስለኛል። ብዙ ሰማች። ከዚያ ድንገት እጇን አንሥታ «ዝም በሉ፤ አሁን ነው!» አለችን። ማንም አልተናገረም ነበር። ሙሉ ሰውነቷ ወደ ላፕቶፑ አጋደለ።

ካሴቱ ላይ የምትናገረው ፋዱሞ አንድ ነገር አለችና ጸጥ አለች። ጸጥታው ረዘም አለ። ከዚያ ወሬዋ ቀጠለ።

የሱቁ ፋዱሞ ግራ ተጋብታ አየችኝ። «የት ሄደች?»

«ማን?» አልኩ።

አብዲ ፊቱ ተለውጦ በዝግታ ተረጎመልኝ። «እዚህ ጋ ‹ዓሊ፣ የእህትህ ልጅ ይችውልህ፣ ስማት› ነው የምትለው።»

«ሳቀች» አለች ፋዱሞ። «ኮርኩሬያት ሳቀች። ኡባህ ትባላለች፤ አበባ ማለት ነው። ዓሊ አይቷት አያውቅም፣ ድምፅዋን ይስማ ብዬ ነው። ደጋግማ ነው የሳቀችው። አንቺ ዘንድ ለምን የለችም?»

ያ የፍየል ይሁን የሕፃን ያልለየሁት ድምፅ ነው። ምን ብዬ ላስረዳት? ድምፅ ማጽዳት የሚባል ነገር እንዳለ፣ ዋናው ተናጋሪ ጎልቶ እንዲሰማ ሌላው እንደሚወጣ በደካማ አማርኛ ነገርኳት። በገዛ ቋንቋዬ ቃል አጣሁ።

«እኔ ነኝ ያወጣኋት» አልኩ በመጨረሻ። «ግን ያልተነካው ጅግጅጋ አለ። ኮምፒውተር ላይ አለ።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። «ልጄ በዚያው ዓመት፣ በኩፍኝ ነው የሞተችው» አለች። «ፎቶ የላትም። ያኔ ፎቶ የሚያነሳ ማን ነበር? አብሬሽ እሄዳለሁ።»

የዚያን ቀን መኪና አልነበረም። አብዲ ዘመዶቹ ዘንድ ሄደ፤ እኔን ፋዱሞ ቤቷ ወሰደችኝ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ዘርግታ ሩዝና ሻይ አቀረበችልኝ። ባሏ ሞቷል፤ ሌሎች ልጆቿ ውጭ አገር ናቸው። ስለ ካሴቱ አንድም ቃል አላነሳችም። ይልቅ ስለ እኔ ጠየቀችኝ።

«ጅግጅጋ ማን አለሽ?»

«ማንም የለኝም።»

«ባል?»

«የለኝም።»

«ማታ ከማን ጋር ትጫወቻለሽ?»

መልሱን ታውቁታላችሁ። እሷ ግን አታውቅም ነበር። ልነግራት አፈርኩ፤ ሆኖም ነገርኳት። የእሷን ድምፅ እየከፈትኩ ሥራ እንደምሠራ፣ ሳልረዳው እንደምሰማው ነገርኳት። ሻይዋን አስቀመጠች።

«እኔም ያኔ ብቻዬን ስለነበርኩ ነው የተናገርኩት» አለች። «ዓሊ ይሰማኛል ብዬ። አንቺ ሰማሽኝ ማለት ነው፤ ባይገባሽም።»

እሑድ ጠዋት ከአብዲ ጋር ሦስታችንም በመጀመሪያው መኪና ጅግጅጋ ገባን። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ጭር ብሏል። ጥበቃው ላቦራቶሪውን ከፈተልን። ኮምፒውተሩን ሳበራ ስክሪኑ ባዶ ሆኖ መጣልኝ። ፋይል የለም፤ ፎልደር የለም። መጀመሪያ የተሳሳተ ማሽን የከፈትኩ መሰለኝና ቀጥሎ ያለውን አበራሁ። እሱም ባዶ ነው። ለላቦራቶሪው ቴክኒሽያን ስልክ ደወልኩለት።

«ቫይረስ ጨርሷቸው ነበር እኮ» አለኝ እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ። «አርብ ከሰዓት ያለውን አጥፍተን ሁሉንም ፎርማት አደረግናቸው። ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር።»

ስልኩን ስዘጋ ፋዱሞ በር ላይ ቆማ ነበር። «እዚህም የለችም?» አለችኝ።

የቀረው ካሴቱ ነው። ከመሳቢያው አወጣሁት። አብዲ ተቀበለኝ። ሁኔታውን በግልጽ ነገርኳት፤ የካሴቱ ክር አርጅቷል፣ ሊጣበቅና ሊበጠስ ይችላል፣ ምናልባት የምናጫውተው ለመጨረሻ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ፈልገን ብንጠብቅ ይሻላል አልኳት።

«ስንት ጊዜ እጠብቃለሁ?» አለች።

«አላውቅም። ወራት ሊሆን ይችላል።»

«ለዓሊ ብዬ ብዙ ጠብቄያለሁ። አጫውቺው።»

ይባስ ብሎ መብራት ጠፋ። ቴፑ ውስጥ የድንጋይ ባትሪ ጨመርን፣ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ይሠራል። እንዲቀዳልኝ በሽቦ አገናኘኋቸውና የቴፑን ማጫወቻ ተጫንኩ።

ፋዱሞ መናገር ጀመረች። ነፋሱም ተመለሰ፣ ላስቲኩም ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ካሴቱ መንጫጨት ጀመረ። ድምፅዋ እየወፈረ፣ እየተጎተተ የሽማግሌ ወንድ ድምፅ ሆነ። የቴፑ መዘውር ሊቆም ደረሰ። እጄን ማጥፊያው ላይ አደረግኩ። ላጥፋው ወይስ ልተወው? ባጠፋው ክሩ ይተርፋል፤ ግን ዳግመኛ ባይነሳስ? አብዲ ዓይኑን ጨፍኗል። ፋዱሞ እጄን ያዘችና ከማጥፊያው ላይ አነሳችው። እጄን አልለቀቀችውም።

መዘውሩ ዘገየ፣ ቆመ ስንል ተንጫጫ፣ ከዚያ አንድ ነገር እንደለቀቀው ሁሉ ፈታ ብሎ መዞር ጀመረ። «ስማት» የሚለው ቃል አሁን ለእኔም ተለይቶኝ ነበር።

ሳቀች።

የትንሽ ልጅ ሳቅ ነው፤ መጀመሪያ ተቆጥቦ፣ ከዚያ አምልጦ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት። በመሃል አንድ ቃል ተናገረች፤ አብዲ በኋላ እንደነገረኝ «በቃ፣ እማዬ» ነው ያለችው። ከዚያ እናትየው አብራ ስትስቅ ይሰማል። እኔ ይህንን ነበር ቆሻሻ ነው ብዬ ያወጣሁት።

ፋዱሞ አላለቀሰችም። አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። ካሴቱ ትንሽ እንደሄደ ተበጠሰ። እሱን ማንም ልብ አላለውም።

«ደግሚው» አለችኝ። ላፕቶፑ ቀድቶታል። ደገምኩላት። ደግሞ ደገምኩላት። መብራት እስኪመጣ፣ ከመጣም በኋላ ደገምኩላት። በቃኝ ስትል በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ወደ ሌላው ግድግዳ ተሻግሮ ነበር።

ከዚያ ሥራዬን የተመለከተውን ጥያቄ መጠየቅ ነበረብኝ። ተማሪዎቼ እንዲያጠኑት፣ ሌሎች ተመራማሪዎችም እንዲሰሙት ትፈቅድልኝ እንደሆነ ጠየቅኳት። የእናቷን ሞትና የወንድሟን ነገር ለራሷ እንደምታስቀር እርግጠኛ ነበርኩ።

«ወሬውን ውሰጂ» አለች። «እንዴት እንደመጣን ሰው ይወቅ። እናቴ የት እንዳለች ይወቅ፤ ያለፈ ሰው ይጸልይላት። የኡባህን ሳቅ ግን አላበድርም። ስሟን ጻፊልኝ፤ እዚህ ነበረች በይ። ድምፅዋ የእኔ ነው።»

ሳቁን ስልኳ ላይ ባለች ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ጫንኩላት። ከዚያ ከላፕቶፔ ላይ ስሰርዘው እንድታይ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩት። ለአንድ ተመራማሪ የዚያ ዘመን የሕፃን ሳቅ፣ ከካምፕ ውስጥ፣ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? እኔ አውቅ ነበር። ጣቴ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሰረዝኩት። የተበጠሰውን ካሴትም ከነሽፋኑ ሰጠኋት።

አብዲ ወደ መኪና መናኸሪያው ሊሸኛት ሲነሣ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ልጅ፣ ድምፅ ብቻ አትስሚ። ሰው ቤት ግቢ። ሃዬ?»

«ሃዬ» አልኳት፤ እሺ ማለት ነው።

የዝውውር ፈቃዴ ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ መጣ። በዚያው ቀረሁ ብዬ ብነግራችሁ ታሪኩ ያምር ነበር። እውነቱ ግን ሁለት ዓመት አዘገየሁትና ሄድኩ። በነዚያ ሁለት ዓመታት ግቢያችን ውስጥ ካሉት ሴቶች ሶማሊኛ ለመድኩ፤ በተሰባበረ ቋንቋዬ ይስቁብኝ ነበር፣ እኔም አብሬያቸው እስቅ ነበር። ብቸኝነቴ ግን ሙሉ በሙሉ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ዛሬም ብዙ ጊዜ ብቻዬን እበላለሁ። ጉባኤ ላይ ያቀረብኩት ጥናት ስለ ሙሾ አልነበረም፤ በማሳጠርና በማጽዳት ስለምናጣው ነገር ነበር። ከአዳራሹ ጥቂት ሰው ወጥቶ ሄደ፤ የቀሩት ሰሙኝ።

አንባቢዎቼ፣ ምናልባት ከእናንተም መካከል የወላጆቹን ድምፅ በአሮጌ ካሴት ያስቀመጠ፣ ወይም በስልኩ የሽማግሌ ታሪክ የሚቀዳ ይኖራል። እኔ ከዚያ እሑድ ወዲህ ቀረጻ ስጀምር የመጀመሪያው ጥያቄዬ የተናጋሪው ስም አይደለም። «እዚህ ቤት ውስጥ አሁን ማን ማን አለ?» ብዬ ነው የምጠይቀው። ከጓዳ ያለችው፣ በር ላይ የተቀመጠው፣ እቅፍ ላይ ያለው ሳይቀር ስማቸው ይነገራል። ድምፃቸው ከገባም እዚያው ይኖራል።

አንዳንድ ጊዜ «ማንም የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ» የሚሉኝ አሉ። እነሱ ጋ ስደርስ መቅረጫውን አጠፋና ተጨማሪ ሻይ እጠይቃለሁ።